የቁምጣው ትንሽ ኪስ

ወንድሜ ሮጦ አያውቅም ነበር። ይሄን ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አውቶቡስ ጥሎት ሲሄድ እንኳ ቆሞ እያየ «ይሂድ፣ ሌላ ይመጣል» የሚል ሰው ነው። ልጆች እያለን የሰፈሩ ልጆች ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ እሱን ሁልጊዜ እስር ቤት ጠባቂ ያደርጉት ነበር። እስር ቤቱ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነው፤ እሱ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ አለቀ። ድብዬ ያልነው ያኔ ነው። እስከ አርባ አራት ዓመቱ ድረስ በሌላ ስም የሚያውቀው መታወቂያ የሰጠው ጽሕፈት ቤት ብቻ ይመስለኛል።

እና ይሄ ሰው ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሮጠ። ለእኔ ብሎ። ሁሉንም እነግራችኋለሁ፤ ግን መጨረሻው ደስ አይልም፣ ከአሁኑ እወቁት። ደስ የሚል ወሬ የፈለገ ጎረቤት ይጠይቅ።

አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር። ሲሞት ድብዬ አስራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እኔ ሃያ አንድ። ለቀስተኛው ተበትኖ ሳያበቃ ድብዬ ደብተሩን አልጋ ስር ወርውሮ የአባታችን ዱካ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም ማለት ይቻላል። ሱቃችን አንድ ክፍል ናት፤ ከኋላዋ እኔ የምተኛባት ክፍልና እሱ የሚተኛባት ጓዳ አሉ። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው፤ በግራ መቁረጫው ጠረጴዛ፣ በቀኝ የእኔ የመተኮሻ ጠረጴዛ። እሱ ልክ ይወስዳል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እቀመቅማለሁ፣ እተኩሳለሁ። ሥራችን በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም ስለሆነ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው ከዱካው የሚነሳው ለመተኛት ብቻ ነው። ዱካው መሃሉ ጎድጉዷል። አንድ ቀን አንድ አዲስ ደንበኛ ተቀመጠበትና «ይሄ ነገር የሰው ቅርጽ አለው እንዴ?» አለ። «አዎ፣ የወንድሜ ነው፣ ተነስ» አልኩት።

አላገባም። አንዴ ሊያገባ ነበር፤ የልጅቷን የሰርግ ልብስ ራሱ ቆርጦ ራሱ ሰፋላትና በዚያው ልብስ ሌላ ሰው አገባችበት። ድብዬ ያን ቀን ያለው ነገር «ትከሻው ላይ በደንብ ቆሞላታል» ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔ ብሆን ቤቱን አቃጥል ነበር።

የታመምኩት ከአራት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ እግሬ አበጠ፤ ቆሜ ስለምተኩስ ነው አልኩ። ቀጥሎ ፊቴ አበጠ፤ እንቅልፍ አብዝቼ ነው አልኩ። መልስ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሐኪም ቤት ስደርስ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመዋል። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት፣ እጥበት ነኝ። ደሜ በአንዱ ቱቦ ይወጣል፣ ማሽኑ ያጥበዋል፣ በሌላው ይመለሳል። ከዚያ ወንበር ስነሳ እንደተጨመቀ ጨርቅ ነኝ፤ በማግስቱ ሰው እሆናለሁ፣ በሰልስቱ ደግሞ ተመልሼ እገባለሁ። ውኃ በብርጭቆ ተለክቶልኝ ነው የምጠጣው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪሟ አንድ የታተመ ወረቀት ሰጠችኝ። ከላይ የማልበላው፣ ከታች የማልውጠው መድኃኒት ተዘርዝሯል። ድብዬ ከእጄ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ከዚያ በአራት እስፒል ከመተኮሻ ጠረጴዛዬ በላይ የእንጨቱ ግድግዳ ላይ ሰካው። «ዓይንሽ ሥር ይሁን እታለም፤ አንቺ ሰው ካላየሽ የማትሠሪው የለም» አለኝ። ወረቀቱ እስካሁን እዚያው ነው። እናንተም እንዳትረሱት።

ሁለት ዓመት በዚህ ሁኔታ ከሄድኩ በኋላ ሐኪሟ «ኩላሊት የሚሰጥሽ ዘመድ ካለ ይምጣ፤ ከዘመድ ውጭ አንወስድም» አለችኝ። ዘመዴ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ለለቅሶ ሲሆን። ለኩላሊት ሲሆን አንዱ ስኳር አለበት፣ አንዷ አረገዘች፣ አንዱ ስልኩ አይሠራም፣ ድብዬ ብቻ ቀረ። ደሙ ተመረመረና ከእኔ ጋር ገጠመ። እኔ አለቀስኩ፣ እሱ ሳቀ። ከዚያ ሐኪሟ ሚዛን ላይ አወጣችው። መቶ አስራ ስምንት ኪሎ። ደም ግፊቱም ከፍ ያለ።

«እንደዚህ ሆነህ ቢላ አላሳርፍብህም» አለችው። «ክብደትህ ከዘጠና በታች ይውረድ። ግፊትህ ያለ መድኃኒት ይስተካከል። ያኔ ትመጣለህ፣ ሁሉንም እንደገና እንመረምራለን።»

«ስንት ጊዜ አለኝ ዶክተር?»

«አንተማ ጊዜ አለህ» አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እሷ ናት የሌላት። ማሽኑ የሚሰካባቸው ደም ሥሮቿ እየተዘጉ ነው። ዓመት ባይሞላ ጥሩ ነው።»

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እኔ በሆዴ «በቃ፣ አለቀልኝ» እያልኩ ነበር። ሃያ ስምንት ኪሎ! ይሄ ሰው ከወንበሩ ላይ መቀስ ቢወድቅበት እንኳ «እታለም፣ አቀብይኝ» የሚል ሰው ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የውጭው በር ሲከፈት ሰማሁ። በአሮጌ ሸራ ጫማና በፒጃማ ሱሪ ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ደፉ ላይ ዘፍ አለ፤ ፊቱ ቀይ ሽንኩርት መስሏል፣ ትንፋሹ የሰፈሩን ውሻ ያስጮኻል።

«ምን ያህል ሮጥክ?»

«ሦስት የመብራት ምሰሶ።»

«መልሱንስ?»

«መልሱን አታንሽብኝ።»

ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። ግን በማግስቱ አራት ምሰሶ፣ በሳምንቱ ሰባት። ልብስ ሰፊ ነውና መለካት ያውቃል፤ የመቁረጫው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። በወሩ መጨረሻ ከእኛ መንገድ ምሰሶ አለቀና ዋናውን ጎዳና ያዘ።

ሩጫው ብቻ አይበቃም ተብሎ ደግሞ ብረቱ ጋ ሄደ። ብረቱ የሚሉት ድሮ ጭነት ያወርድ የነበረ፣ አሁን በአንድ ባዶ ጋራዥ ውስጥ ሰው የሚያሠለጥን ግዙፍ ሰውዬ ነው። መሣሪያው ሁሉ የእጁ ሥራ ነው፤ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ የውኃ ቱቦ ብረት ጫፍና ጫፍ ላይ ተክሎታል። ድብዬን ከላይ እስከ ታች አየና «ስንት ዓመት ተቀመጥክ?» አለው። «ሃያ ሰባት።» «ጥሩ፤ መቀመጥ ተምረሃል። አሁን መነሳት ትማራለህ» አለውና ያን ባለ ቆርቆሮ ቱቦ ትከሻው ላይ ጭኖ ቁጢጥ በል፣ ተነሳ፣ ቁጢጥ በል፣ ተነሳ ያስብለው ጀመር። አንድ ቀን ላየው ሄጄ ጎማ ላይ ተቀምጬ ነበር። አሥረኛው ላይ ጉልበቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ብረቱ «ለማን ነው የምትነሳው?» ብሎ ጮኸበት። የድብዬ ዓይን እኔ ላይ ነበር። ተነሳ። አንጀቴን በላው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ወጥቼ ጋራዡ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ።

አንድ ቡናማ ሱሪ አለው። በየወሩ መጨረሻ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በወገቡ ይጠመጥምና «አንብቢልኝ እታለም» ይላል። መቶ ሃያ ሁለት። መቶ አስራ ስድስት። መቶ ስምንት። ከዚያ ሱሪውን አውልቆ ሰፌድ የሚያክል ፎጣ ታጥቆ፣ መኪናው ላይ ተቀምጦ ወገቡን ያጠብበዋል። ትርፉን ጨርቅ ግን አይቆርጠውም፤ ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋዋል።

«ቁረጠው እንጂ፣ ምን ያሸክምሃል?»

«ማን ያውቃል፣ ብመለስስ?»

«ብትመለስ እኔ ራሴ በካውያ ነው የምተኩስህ» አልኩት።

ደንበኛው ሁሉ ግራ ገባው። «ምነው ልብስ ሰፊው፣ ከሳህ? ታመምክ እንዴ?» ይሉታል። አንዷ ጎረቤት ጭራሽ እኔን ወደ ጎን ወስዳ «የታመመው እሱ ነው ለካ! እኔ እኮ አንቺ መስለሽኝ ነበር» አለችኝ። እኛ ይሄን ሁሉ ስቀን አሳለፍነው።

እኔ ደግሞ ተስፋ ማድረግ ጀመርኩ። ተስፋ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልቤን ቆርጬ፣ የሚመጣውን ተቀብዬ ተቀምጬ ነበር፤ ያ ይሻለኝ ነበር። አሁን የውኃ ብርጭቆዬን እያየሁ አንድ ቀን በጣሳ እጠጣለሁ እላለሁ። ማሽኑ ሥር ተኝቼ ወገቡ ስንት እንደደረሰ ለነርሷ አወራለሁ። ነርሷም «ዛሬስ ወገባችን ስንት ገባ?» ትለኝ ነበር።

በአራተኛው ወር ድብዬ እያነከሰ ገባ። የቀኝ ጉልበቱ አብጧል። ብረቱ «ሦስት ሳምንት ዕረፍት፣ አንድ እርምጃ እንዳትሮጥ» ብሎታል። ሁለት ቀን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎት ተኛ።

እኔ በሁለተኛው ቀን የክንዴ ደም ሥር ተዘግቶ አንገቴ ላይ ቱቦ ተክለውብኝ መግባቴ ነው። ሐኪሟ «ይሄ ጊዜያዊ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንሰካበት ቦታ እያጠረን ነው» ብላኛለች። ፈርቼ ነበር። እኔ ስፈራ አላለቅስም፣ እሳደባለሁ። ገብቼ ተኝቶ ሳየው፣ ያ ትልቅ እግር ትራስ ላይ ተሰቅሎ ሳየው፣ ደሜ ፈላ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጉልበቴን እታለም። ሦስት ሳምንት…»

«ሦስት ሳምንት! ጉልበቱን አሞት የሞተ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እዚህ አንገቴ ላይ ያለውን አታይም? እኔ ኩላሊቴን ብዬ ጮኼ ምን አገኘሁ? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ጉልበት የሚባል ነገር እንዳልሰማ! ሰምተኸኛል?»

ድብዬ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ምናለ!

«እሺ እታለም» አለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተ። ወጥቶ ሮጠ። ሲመለስ አያነክስም፤ ፉጨት ሁሉ ያፏጫል። ለነርሷ «ምላሴ መድኃኒት ነው፤ ወንድሜን በአንድ ቁጣ አዳንኩት» ብዬ ነገርኳት። ነርሷም ሳቀች። እስከዛሬ ይሄ ነገር ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

በዚያው ሳምንት ጥቁር የሩጫ ቁምጣ ለራሱ ሰፋ። አምጥቶ ሰጠኝና «ወገቡ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኪስ ስፊልኝ፣ ቁልፍም ትከይባት፣ እንዳትከፈት» አለኝ። ለምኑ ነው ስለው ለበሩ መክፈቻ ነው አለኝ። ልብ በሉ፤ እሱ ሲሮጥ እኔ ቤት ነኝ፣ በሩም አይቆለፍም። የምን መክፈቻ? አልጠየቅኩም። ኪሷን በድርብ ክር ሰፋሁለት፣ ነጭ ቁልፍ ተከልኩባት። ከሠራኋቸው ሁሉ የጠነከረች ኪስ ናት።

በጎዳናው ላይ አንዲት ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ አገኘ። ስድሳ ዓመት ያለፋት ቀጭን ሴት ናት፤ ቲቸር ነው የምንላት። ጠዋት ጠዋት አምስት ስድስት ሰው አስከትላ ትሮጣለች። ኪሎ ሜትሩን በስንት ደቂቃ እንደጨረሱት በቃሏ አካፍላ ትነግራቸዋለች፤ የሰነፈውን ደግሞ እንደ ተማሪ ጆሮውን ትይዛለች። ድብዬን ወደደችው። በስምንተኛው ወር «ለምርመራው ከመሄድህ በፊት ራስህን ፈትን» ብላ ለአማተሮች በተዘጋጀ የሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ አስመዘገበችው።

የሩጫው ቀን እጥበት የሌለኝ ቀን ነበር። የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሜ መጨረሻው ላይ ተቀመጥኩ። ቲቸር ገባች። ወጣቶቹ ገቡ። ሽማግሌዎች ገቡ። የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ሳይቀር ገባ። እኔ ወንበሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ከመታጠፊያው ያ ጥቁር ቁምጣ ብቅ አለ። «ድብዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «ድብዬ! ድብዬ!» የማላውቀው ሰው ሁሉ ተቀበለኝ፣ መንገዱ በሙሉ ድብዬ ይል ጀመር። እሱ እጁን እንኳ ማንሳት አልቻለም፤ ግን ይስቃል፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ይስቃል። መስመሩን አልፎ መጥቶ እግሬ ሥር ተዘረጋ።

የኪሱን ቁልፍ ፈትቶ አንድ ነገር አወጣና አፉ ውስጥ ጣለ። በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጠው።

«ምንድን ነው?»

«ከረሜላ ነው። ስኳር እንዳያንሰኝ።»

«ከረሜላ ይዋጣል እንዴ አንተ ሆዳም?» ብዬ ፀጉሩን በሻርፔ ጠረግኩለት። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይሄን አልደብቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪሟ ጋ ሄድን። ቡናማዋን ሱሪ ለብሷል፤ ወገቧ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ብዛት ቀበቶ ያስመስላታል። ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሰማንያ ሰባት። ግፊቱን ለካችው፤ እንደገና ለካችው። «ይሄ የአንተ ነው?» አለችና ሳቀች። እሷ ስትስቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ደም ወሰዱ። የሃያ አራት ሰዓት ሽንት አጠራቅመህ አምጣ ብለው ትልቅ ዕቃ ሰጡት። ዕቃውን መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ አየሁት። እኔ ከሸናሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ቀናሁበት። «እስቲ ለእኔም አንዴ» አልኩት፣ በሳቅ ሞትን።

በሳምንቱ ደወሉና እንደገና ደም ይስጥ አሉ። ሰጠ። እንደገና ደወሉና ሁለታችሁም ኑ አሉ።

ሐኪሟ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። አትስቅም።

«ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» አለችው።

«ምንም።»

«ቫይታሚን? የጡንቻ ዱቄት?»

«ኧረ ምንም ዶክተር። ብረቱ ከእንቁላል ሌላ ያዘዘልኝ የለም።»

«ለሕመም የሚሆንስ?»

ድብዬ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ልጅ ሆኖ እናታችን ፊት ከመናገሩ በፊት ያየኝ እንደነበረው፣ ልናገር ወይ ብሎ ነው ያየኝ።

«ለጉልበቴ» አለ፣ ድምፁ እየጠፋ።

«ስንት?»

«ጠዋት ከሩጫ በፊት ሁለት። ከሥራ በኋላ አንድ። ሩጫው ረዘም ካለ መንገድ ላይም አንድ ሁለት እጨምራለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምስት ወር ይሆነዋል።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ክኒኑን በስሙ ጠየቀችው፤ አዎ አላት። ያ ክኒን በየቀኑ ሲወሰድ፣ ያውም ሰውነት በላብ ውኃው አልቆ እያለ፣ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ቀስ ብላ አስረዳችው። «ልብህ ጤነኛ ነው» አለችው። «ጡንቻህ አምሯል። ግፊትህ የወጣት ነው። ኩላሊቶችህ ግን ተጎድተዋል፣ ሁለቱም።»

«ክኒኑን ብተወው አይመለስም?»

«ትንሽ ይመለስ ይሆናል። ለራስህ ኑሮ ይበቃህ ይሆናል። ግን አንዱን አውጥቼ በቀረው ኑር ልልህ አልችልም።»

ለመንናት። አልዋሻችሁም፣ እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ለመንኳት። ከሦስት ወር በኋላ አንዴ እንመረምራለን አለች። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ክኒን አልነካም፣ ውኃ በጣሳ ጠጣ፣ ተመረመረ። መልሱ ያው ነው። ስንወጣ ሐኪሟ ከመሳቢያዋ አንድ የታተመ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው፤ ከላይ የማይበላው፣ ከታች የማይውጠው።

ቤት ገብተን ሁለታችንም የመተኮሻ ጠረጴዛዬ ፊት ቆምን። ግድግዳው ላይ ያለው የእኔ ወረቀት ዳር ዳሩ በካውያው እንፋሎት ተጠቅልሏል። ከመድኃኒቶቹ ሦስተኛው መስመር ላይ ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ይላል። ከዱካው አንድ ክንድ አይርቅም፤ ቀን በቀን ክር ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ክርኑ የሚነካው ወረቀት ነው።

«አንብበኸው የለ?» አልኩት። «ራስህ አይደለህ እንዴ የሰቀልከው?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እና?»

«ወረቀቱ ያንቺ ነዋ እታለም» አለኝ። «የበሽተኛ ነው ብዬ። እኔ ጤነኛ ነኝ ብዬ።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልጩህ? ጉልበቱን አሞት ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንዴ «ክኒን እየወሰድኩ ነው» ቢለኝ፣ እኔ ያን ወረቀት በቃሌ የማውቅ ሴት፣ ከአፉ ነጥቄ እጥለው ነበር። ግን እዚህ ቤት ጉልበት አይወራም ተብሏል። ደግሞ እሱ የተባለውን የሚያከብር ሰው ነው።

ብረቱን ልሰድበው ጋራዡ ድረስ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን ክኒን የሰጠው እሱ ነው። ሁሉንም ስነግረው አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ያንኑ ክኒን አወጣ። «እኔም እወስዳለሁ» አለኝ። «ስምንት ዓመቴ ነው። ሁሉም ሯጭ ይወስደዋል፤ እንደ ጫማ ነው የምናየው።» ስድቤን ይዤ ተመለስኩ። ተመርመር ብዬዋለሁ።

ድብዬ አራት እስፒል አንስቶ የራሱን ወረቀት ከእኔ ወረቀት ጎን ሰካ። ከዚያ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ቲቸር ሁለት ሦስት ጠዋት በራችን ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ሐኪሟም ቀስ ብለህ ብትሮጥ አልከለክልህም ብላዋለች። አልወጣም። ሱሪዋን አላሰፋትም፣ አላጠበባትም። አንገቴ ላይ ያለው ቱቦ አንዴ ቆስሎ ተቀይሯል፤ አሁን በሌላው ጎን ነው። ከዚህ በኋላ የት እንደሚሰኩብኝ ሐኪሟ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ሐሙስ ጥቁሩን ቁምጣ ከጓዳው አወጣሁት። ምላጭ ይዤ ኪሷን ፈታሁ። በድርብ ክር ስለሰፋኋት አስቸገረችኝ። ጥጓ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው የክኒን ዱቄት አለ፣ ጣቴ ላይ ቀረ። ቀና ስል ድብዬ መኪናውን አቁሞ ያየኛል።

«ያምሃል?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ጉልበትህን።»

ወደ ሥራው ዞረ። «ደህና ነው» አለ።

«ድብዬ!»

እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው። አልረገጠውም።

«በጣም ያመኛል እታለም» አለ። «በጣም።»

ዱካዬን ጎትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ አንዲት እናት የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ ቆማ ነበር፤ እጄን አንስቼ ትንሽ ቆዪ አልኳት። የት ላይ እንደሚያመው፣ ደረጃ ሲወርድ እንዴት እንደሚያደርገው፣ ፔዳሉን ሲረግጥ ስንተኛው ላይ እንደሚጀምረው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም ነገረኝ። አላቋረጥኩትም።